ገጣሚው የት ተማረ?

«ገጣሚ» ሲባል የዚህ መጽሔት አንባቢ ወዲያው የሚያስበው ባለቅኔውን ነው። ለእኔ ግን ቃሉ ከብዕር ይልቅ ለመጋዝ የሚቀርብ ይመስለኛል። መግጠም ማለት ሁለት ነገር አፍ ለአፍ አገናኝቶ በመሀላቸው ብርሃን እንዳያልፍ ማድረግ ነው፤ ይህን ደግሞ በርና መስኮት ከሚሠራ ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሰው «ጆይነር» ይሉታል፤ ቃል በቃል ሲመለስ ገጣሚ ማለት ነው። ቤቱን የሚያቆመውን፣ ጣሪያውን የሚያዋቅረውን፣ የወለሉን አግዳሚ የሚያጋድመውን ደግሞ «ካርፔንተር» ይሉታል። እሱን አናጺ ብንለው ያስማማናል፤ ቃሉ ሐነጸ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነውና።

ሁለቱ በለንደን ከተማ ጎን ለጎን እየኖሩ ብዙ ተጣልተዋል። የአናጺዎቹ ማኅበር የንጉሥ ቻርተር ያገኘው በ1477 ሲሆን፣ ገጣሚዎቹ የራሳቸውን ያገኙት በ1571 ነው። (ስለ እንግሊዝ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ አገራችን ስናገር በራሳችን እቆጥራለሁ።) «ይህ ሥራ የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው» የሚለው ክርክር እየከረረ ሄዶ በ1632 የከተማው ሹማምንት ጉባኤ ዘንድ ቀረበ። ፍርዱ በጥቅሉ ሲታይ እንዲህ ነበር፤ በሚስማር የሚመታው የአናጺው፣ በኮላ የሚጣበቀውና ምላስ ወጥቶለት ከቀዳዳ የሚገባው ወይም በእርግብ ጅራት ቅርጽ የሚቆላለፈው የገጣሚው ይሁን። ዳኞቹ መዶሻና ኮላን ድንበር አድርገው ሁለቱን አካለሏቸው ማለት ነው። የሚገርመው ይህ ድንበር አለመፍረሱ ነው። ዛሬ በእንግሊዝ ወደ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን የመጀመሪያ ደረጃ የእንጨት ሥራ ልምምድ የሚጀምር ወጣት፣ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ የሚውል አናጺ ወይም በሱቅ ውስጥ በርና ደረጃ የሚያዘጋጅ ገጣሚ ለመሆን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት።

ነገሩን ያነሣሁት ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። ለንደን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ የእንጨት ሥራ መማር ከጀመረ አንድ ዓመት እንዳለፈው፣ በስልክ ወሬያችን መሀል «ጋሼ፣ ለመሆኑ እኔ አሁን አናጺ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሳጣራ ግን ጥያቄው የዕለት እንጀራ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ልጁ የሚማረው «መሰናዶ» ነው፤ የልምምዱ መሰናዶ። ተለማማጅ ለመባል ግን ደመወዝ ከፍሎ የሚያሠራው ጌታ ማግኘት አለበት። ኮሌጁ ጌታ አይሰጠውም፤ «ፈልግ» ይለዋል። መልስ ልሰጠው ብዬ ወደ ታሪኩ ገባሁ፤ የሚከተለው እዚያ ያገኘሁት ነው።

በድሮው እንግሊዝ መሰናዶ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ውል ነው። ውሉ በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና በመሀል እንደ መጋዝ ጥርስ እየተጠማዘዘ ለሁለት ይቆረጣል፤ ግማሹ ለጌታው፣ ግማሹ ለልጁ ወላጆች። ክርክር የተነሣ እንደሆነ ሁለቱ ቁራጮች ይገጠማሉ፤ ጥርስ ለጥርስ ከገቡ ውሉ እውነተኛ ነው። የውሉ ስም «ኢንደንቸር» የተባለውም ከዚህ ከጥርሱ የተነሣ ነው። ለገጣሚ ልጅ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት ከየት ይመጣል?

ልጁ በውሉ የሚገባው ግዴታ ረጅም ነበር። የጌታውን ምስጢር ይጠብቃል፤ ዳይስም ካርታም አይጫወትም፤ መጠጥ ቤት አያዘወትርም፤ ዘመኑ ሳያልቅ ሚስት አያገባም፤ ቀንም ሆነ ሌሊት ያለ ፈቃድ ከቤት አይጠፋም። ይህን ሲያዩ ባርነት ነው የሚሉ አሉ፤ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ነገር ግን የብራናው ሌላ አንቀጽ ጌታውን ያስር ነበር። ጌታው ልጁን ያበላል፣ ያጠጣል፣ ያለብሳል፣ በቤቱ ያሳድራል፤ ከሁሉም በላይ የሙያውን «ጥበብና ምስጢር» ሊያስተምረው ቃል ይገባል። ሙያ በልብ ነው እንላለን እኛ። እንግሊዞቹ ሙያው በልብ መሆኑን አምነው፣ ከልብ እንዲወጣ ደግሞ ጌታውን አስፈርመውት ነበር ማለት ነው።

በ1563 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣው ሕግ ይህን ልማድ ለአገሩ ሁሉ ደነገገው። ቢያንስ ሰባት ዓመት በተለማማጅነት ያልቆየ ሰው በእነዚህ ሙያዎች ሊሠራ አይችልም ተባለ። ጌታው ልጁን ሲቀበል ከወላጆች ገንዘብ መቀበሉ የተለመደ ስለ ነበር፣ መንግሥትም ድርሻውን ፈልጎ ከ1710 ጀምሮ በዚህ ገንዘብ ላይ ቀረጥ ጣለ፤ እስከ 50 ፓውንድ ድረስ ከአንዱ ፓውንድ ስድስት ፔንስ፣ ከዚያ በላይ አንድ ሺሊንግ። የቀረጥ መዝገቡ ዛሬ ለታሪክ ተመራማሪዎች ትልቅ ሲሳይ ሆኗል፤ ቀራጭ ሳያውቀው ታሪክ ጸሐፊ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሥርዓቱ የተሰነጠቀው በእሳት ነው። በ1666 ለንደን ስትቃጠል ከ13 ሺህ በላይ ቤት ወደመ። (የአናጺዎቹ የማኅበር አዳራሽ ግን ከእሳቱ ተረፈ።) ይህን ሁሉ ቤት መልሶ ለማቆም የማኅበሩ አባላት ብቻ አይበቁም ነበር። ስለዚህ በ1667 የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ ከሌላ አገር የመጡ አናጺዎች፣ ግንበኞችና ገጣሚዎች እንደ ከተማው ባለሙያዎች በነፃነት ለሰባት ዓመት እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ሰባቱን ዓመት የሠራም መብቱ እስከ ዕድሜ ልኩ እንዲጸናለት። ያው ሕግ የቤቱ ውጪያዊ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ ይሁን አለና ከአናጺው እጅ ግማሹን ሥራ ነጠቀው። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ስሙና አዳራሹ ቀረለት እንጂ፣ «ያለ እኔ ማንም መጋዝ አያነሣም» ለማለት የሚያስችል አቅም አልነበረውም።

በ1776 አዳም ስሚዝ ስለ አገሮች ሀብት በጻፈው መጽሐፉ ረጅም ልምምድ ከቶ አያስፈልግም ብሎ ተከራከረ። ልጁ ከሥራው የሚያገኘው ነገር ከሌለ ሰነፍ ይሆናል፤ ለላቡ ዋጋ ቢከፈለው ግን በጥቂት ጊዜ ይማራል የሚል ነው አሳቡ። በ1814 ፓርላማው የኤልሳቤጥን ሕግ የልምምድ አንቀጾች ሻረ። ልምምድ በፈቃድ ቀጠለ እንጂ አልጠፋም፤ ግዴታነቱ ግን ቀረ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ቀን ለነፃነት ድል ይቆጥሩታል። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰባቱ ዓመት ረዝሟል መባሉ እውነት ነው። ሆኖም ከሰባቱ ዓመት ጋር፣ «ምስጢሩን ላስተምርህ ግዴታ አለብኝ» የሚለው የጌታው ፊርማም ዋጋው ረከሰ። ጌታው ልጁን ማባረር ቀለለው፤ ልጁም ጌታውን። አስተማሪ የሌለው ምስጢር ታዲያ ወዴት ይሂድ?

ወደ መጽሐፍ ሄደ። መንገዱ እንኳ ቀደም ብሎ ተጠርጎ ነበር። ጆሴፍ ሞክሰን የሚባል ካርታና ሉል ሠሪ፣ አታሚም የሆነ ሰው፣ ከ1678 ጀምሮ አንጥረኛነትን፣ ገጣሚነትንና የቤት አናጺነትን በክፍል በክፍል እያተመ በየወሩ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ወርኃዊ ኅትመት አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው የሞክሰንን ድካም ይረዳለታል። የማኅበሩን ምስጢር በአደባባይ የሸጠ የመጀመሪያው ሰው ነው ባይባል እንኳ፣ በእንግሊዝኛ በዚህ ስፋት የሸጠ ከእሱ በፊት አላየሁም።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ፒተር ኒኮልሰንን ነው። በ1765 በስኮትላንድ ተወለደ፤ ከአንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ዘንድ አራት ዓመት ተለማመደ፤ ኤድንብራ ሠራ፤ ከዚያ ለንደን ወረደ። ለንደን ሶሆ ውስጥ በርዊክ በሚባለው መንገድ ለባለሙያዎች የማታ ትምህርት ቤት ከፈተ። ቀን መላጊያ የያዘ እጅ ማታ ኮምፓስ ይይዛል። በ1792 «የአናጺው አዲስ መመሪያ» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ከዚሁ ትምህርት ቤት ዘመን ነው። የሚያስተምራቸው ሰዎች መጋዝ መጎተት ያውቃሉ፤ የማያውቁት ጂኦሜትሪ ነው። የጣሪያ ሁለት ተዳፋት በማዕዘን ላይ ሲገናኙ በዚያ ማዕዘን የሚወርደው እንጨት ቁመቱ ስንት ነው? ጫፉስ በምን አንግል ይቆረጣል? ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ የሚወጣው የእጅ መደገፊያ ከአንድ ወፍራም ጣውላ እንዴት ይጠረባል? ይህን ጌታው ቢያውቅም በቃል ሊያስረዳ አይችልም፤ «እይ፣ እንዲህ ነው» ይላል እንጂ። ኒኮልሰን ወረቀት ላይ አስቀመጠው። ለእጅ መደገፊያው ዘዴ ከኪነ ጥበባት ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል።

ቶማስ ትሬድጎልድም እንደ እሱ የአናጺ ተለማማጅ ነበረ። በ1820 ስለ አናጺነት መሠረታዊ መርሖች የጻፈው መጽሐፍ ምሰሶው ምን ያህል ክብደት እንደሚችል በሒሳብ ያሳየ ነው። በ1828 የእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ተቋም ቻርተሩን ሲያገኝ «ለመሆኑ ምሕንድስና ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ትርጓሜውን የጻፈው እሱ ነው። መሐንዲሶቹ ስለ ማንነታቸው የጻፈላቸው የአናጺ ተለማማጅ የነበረ ሰው መሆኑን ዛሬ ስንቶቹ ያስታውሱ ይሆን?

እንግዲህ የኮሌጁ ሥር ይህ ነው። ኮሌጅ የተወለደው ጌታውን ለመተካት አይደለም፤ ጌታው ሊናገረው ያልቻለውን ወይም ያልፈለገውን ለመናገር ነው። ጆርጅ በርክቤክ በ1800 በግላስጎው ለሠራተኞች ትምህርት መስጠት ጀመረ፤ በ1823 የለንደኑ የሠራተኞች ተቋም ተከፈተ። በ1878 የለንደን ከተማ አስተዳደርና 16 የሙያ ማኅበራት ተባብረው «ሲቲ ኤንድ ጊልድስ» የሚባለውን ተቋም አቆሙ፤ በዓመቱ የሙያ ፈተናዎችን ከኪነ ጥበባት ማኅበር ተረከበ። የመጀመሪያው የእንግሊዝ የቴክኒክ ኮሌጅ እየተባለ የሚጠቀሰው የፊንስበሪ ኮሌጅ በ1883 ተከፈተ። የአናጺዎቹ ማኅበር ራሱ ደግሞ በ1893 በለንደን ግሬት ቲችፊልድ መንገድ ላይ የሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ምስጢሩን ሲጠብቅ የኖረው ማኅበር ምስጢሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ስሙን ለውጦ፣ በ2001 ወደ ስትራትፎርድ ተዛውሮ ማስተማሩን ቀጥሏል።

ገንዘቡ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከአረቄ። በ1890 መንግሥት ፈቃዳቸውን ለሚነጠቁ የመጠጥ ነጋዴዎች ካሣ ብሎ በመጠጥ ላይ ቀረጥ ቢጨምር ተቃውሞ ተነሣ፤ ካሣው ሲቀር የተሰበሰበው ገንዘብ ለቴክኒክ ትምህርት እንዲውል ተፈቀደ። «የውስኪ ገንዘብ» ይባል ነበር። አያቱ መጠጥ ቤት አልደርስም ብሎ የፈረመ ተለማማጅ፣ የልጅ ልጁ በጠጪዎች ገንዘብ ጂኦሜትሪ ተማረ።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው። የእነዚያ የማታ ክፍሎች ተማሪዎች ብዙዎቹ ቀን በሙያው ሲሠሩ የሚውሉ ነበሩ፤ አንዳንዱ ክፍል እንዲያውም ከሙያው ውጪ ያለ ሰው አይቀበልም ነበር። ጌታ መጀመሪያ፣ ኮሌጅ ቀጥሎ። ተማሪው ከኮሌጅ ያገኘውን በማግሥቱ ጧት በእንጨት ላይ ይሞክረዋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ተለቅቆ ኮሌጅ መሄድ ሲለመድም ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም።

የተገለበጠው በኋላ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከትምህርት ቤት ከሚወጡት ወንዶች ልጆች ሲሶ ያህሉ ወደ ልምምድ ይገቡ ነበር። በ1964 የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ ወጥቶ ለየኢንዱስትሪው ቦርድ ተቋቋመ፤ ቦርዱ ከአሠሪዎች መዋጮ እየሰበሰበ ለሚያሠለጥኑት ይመልሳል። አሳቡ መልካም ነበር፤ የግንባታው ቦርድ እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን የግንባታ ሥራ ራሱ ጠባዩን ለወጠ። አናጺው ቋሚ ተቀጣሪ መሆኑ እየቀረ፣ በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ለራሱ አዳሪ ሆነ። በበሩ ቁጥር የሚከፈለው ሰው ልጅ አቁሞ መሮ አያያዝ ሲያሳይ የሚባክነው ጊዜ ከራሱ ኪስ ነው የሚወጣው። ልጁን የጠላው የለም፤ ሒሳቡ ነው እምቢ ያለው። በ1983 ሥራ አጥ ወጣቶችን ለማሠልጠን ልዩ ዕቅድ ወጣ፤ በ1994 «ዘመናዊ ልምምድ» የተባለው ተጀመረ፤ በ2017 ደግሞ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ አሠሪዎች ላይ ግማሽ በመቶ የልምምድ ቀረጥ ተጣለ። ለልምምድ የተቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ በ2012 አሥራ ሁለት ወር ተብሎ ነበር፤ በ2025 ወደ ስምንት ወር ወረደ። ከሰባት ዓመት እስከ ስምንት ወር! አዳም ስሚዝ ራሱ እንዲህ አሳጥሩት ማለቱን እጠራጠራለሁ። የእንጨት ሥራው ልምምድ ግን በልማድ ወደ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እንጨት አይቸኩልም።

የእህቴን ልጅ ያገኘሁት በዚህ ግልብጥ መሀል ነው። ስለሚማረው ነገር ቅሬታ የለውም፤ እኔም የለኝም። መጀመሪያ ያሳዩት መሣሪያ መሳልን ነው፤ መሮውንና የመላጊያውን ስለት በድንጋይ ላይ ሲያሹ ሳምንታት ሄዱ። ከዚያ ግማሽ በግማሽ ቆርጦ ማጋጠም፣ ምላስና ቀዳዳ፣ የእርግብ ጅራት። ከዚያ በር መስቀል፣ ማጠፊያ ማስገባት፣ ቁልፍ መትከል። ከሁሉ የገረመው ግን ሒሳቡ ነው። «ጋሼ፣ ስምንተኛ ክፍል የጠላሁት ፓይታጎረስ ጣሪያ ላይ ጠበቀኝ» አለኝ። ኒኮልሰን ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

አንድ ሙሉ በር ከነመቃኑ ሠርቶ ጨርሶ መምህሩ ስኳድራ ጥሎ «ቀጥ ያለ ነው» አለው። በሩን ግን መልሰው ፈቱት፤ እንጨቱ ለሚቀጥለው ተማሪ ያስፈልጋል። ሦስት ወር ሙሉ ለድርጅቶች ደብዳቤ ጻፈ። አንዱ «ልምድ አለህ?» አለው። ልምድ ለማግኘት እኮ ነው የመጣሁት ቢለው፣ «ልምድ ስታገኝ ተመለስ» ብሎ ሸኘው። አማርኛችን ተለማማጅና ተለማማጭ የሚሉትን ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ መለየቱ በዚያን ቀን ገባኝ። በመጨረሻ አራት ሰው የሚሠራበት ትንሽ የመስኮት ሱቅ ተቀበለው፤ ባለቤቱ ራሱ በተለማማጅነት ያደገ ሽማግሌ ነው። ጠቡም ያበቃው ያን ጊዜ ነው፤ አሠሪው፣ ኮሌጁና ልጁ የተፈራረሙበት ወረቀት ወጣ፤ በሳምንት የሥልጠና ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል። ጥርስ የለውም እንጂ የድሮው ብራና ዘር ነው። እኔም «አሁን መሆን ጀምረሃል» አልኩት።

ታሪኩ የእንግሊዝ ነው፤ ጥያቄው ግን ወደ እኛም ደጅ ይመጣል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የከለከሉበት አገር ነው የእኛ፤ ሥራው ይፈለጋል፣ ሠሪው ይናቃል። የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ኮሌጅ አላነሰንም፤ በሌላ በኩል ስኳድራ፣ ሞርሳ፣ ሞራሌ የሚሉት የጣልያን ቃላት በየሱቁ የኖሩት ከመጽሐፍ ተነብበው አይደለም፤ አንዱ ከሌላው እጅ እያየ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሁለቱን ለማገናኘት ሠልጣኙ ከኮሌጅ ይልቅ በድርጅት ብዙ ጊዜ እንዲቆይ የሚያደርገውን የትብብር ሥልጠና አመጣ፤ የብቃት ምዘናውንም ትምህርት ቤት ሳይረግጡ ሙያ ለለመዱ ክፍት አደረገው። ሁለተኛው ውሳኔ በተለይ ትልቅ ነው። ሃያ ዓመት መላጊያ የገፋ ሰው ወረቀት የሚያገኝበትን በር ከፍቷል።

የጌታው ፊርማስ? እሱም አለ። የ1996 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ ቁጥር 377፣ አሠሪ ለአንድ ሰው ከድርጅቱ ሥራ ጋር የተያያዘ የተሟላና ሥርዓት ያለው የሙያ ሥልጠና ለመስጠት፣ ያም ሰው ትእዛዙን ለመቀበል የሚገቡትን ውል በራሱ አንቀጾች ደንግጓል፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም አይጸናም ብሏል። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም አንቀጾቹን አልጣላቸውም። የበርና የመስኮት ሱቅ ባለቤት የሆነ አንድ ወዳጄን ስለዚህ ውል ጠየቅኩት፤ ሦስት ልጆች አብረውት ይሠራሉ። መላጊያውን አቁሞ፣ «የቤት ኪራይ ውል ነው የምትለኝ?» አለኝ።